ቢራ ጠጪ ሞልቷል፣ ቢራ ቀማሽ ግን የለንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። የሥራዬ ግማሹ መለካት፣ ግማሹ መቅመስ ነበር። ስለ ቢራ ዋጋ፣ ስለ ቢራ ግብርና ስለ ቢራ ማስታወቂያ ብዙ ሲጻፍ አንብቤአለሁ። ስለ ጣዕሙ የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ሐሳቤ አጭር ነው። ቢራ እንጠጣለን እንጂ አንቀምስም። ባለመቅመሳችን ደግሞ ደህናውንም የተበላሸውንም በአንድ ዋጋ እየከፈልን እንወጣለን። ጣዕም የሚያውቅ ሰው «ይሄ ቢራ ልክ አይደለም፣ ቀይሩልኝ» ይላል። የማያውቅ የቀረበለትን ጨልጦ ይሄዳል። ሻጩም ጠማቂውም የሚሻሻለው መላሽ ሲኖር ነው።

ቡና ላይ እንዲህ አይደለንም። ቤታችን ተቀምጠን «ቀጥኗል»፣ «አርሯል» እንላለን። ያፈላችውም ሰምታ ታስተካክላለች። ቡና እየቀመሱ ደረጃ የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ፣ እናከብራቸዋለን። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ከተመሠረተ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ብንቆጥር በፋብሪካ የተጠመቀ ቢራ ስንጠጣ መቶ ዓመት አልፎናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ቢራ የተማርነው ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ «በረዶ የሠራ አምጣ» ማለት።

ከሱ ልጀምር። ግሮሰሪ ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀዝቃዛ ነው ኖርማል?» የሚል ነው። አብዛኛው ሰው ጠርሙሱ ላይ ውርጭ ካላየ ደስ አይለውም። ብርድ ግን ምላስን ያደነዝዛል። ሽታም ከቀዘቀዘ ቢራ ውስጥ ቶሎ አይወጣም። በረዶ ሊሆን የደረሰ ቢራ የሚሰጣችሁ ብርዱንና ጋዙን ብቻ ነው፤ ብቅሉም፣ ምሬት የሚሰጠው ሆፑም፣ እርሾው የሠራውም ሁሉ ተደብቆ ይቀራል። ጉድለቱም አብሮ ይደበቃል። መጥፎ ቢራ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ካለ ከሁሉ የሚበጀው ማቀዝቀዝ ነው። እኛ ስንቀምስ ቢራው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲሆን እናደርግ ነበር። ለመዝናናት ለሚጠጣ ሰው ይሄ ይሞቅበት ይሆናል። ከፍሪጅ አውጥቶ አሥር ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ ማቆየት ግን ማንንም አይጎዳም።

የቢራ ቀማሽ ሲባል ሰው ሲሰክር የሚውል ሠራተኛ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። የምንቀምሰው ረፋድ ላይ፣ ከምሳ በፊት ነበር። ሽቶ የተቀባች አትገባም። ቡና ጠጥቶ ወይም ሲጋራ አጭሶ የመጣ አይገባም። ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን ለዩ እንባላለን። ማውራት አይፈቀድም፣ ፊት ማኮማተርም እንደዚያው፤ አንዱ ካኮማተረ ሌላው ይከተለዋልና። ከእያንዳንዱ ብርጭቆ የምንወስደው አንድ ሁለት ጉንጭ ነው። የወይን ቀማሾች ይተፉታል፣ የቢራ ቀማሽ ግን ይውጣል። ምክንያቱም የቢራ ምሬት በደንብ የሚታወቀው ከዋጡት በኋላ ነው።

አፌን መጀመሪያ ያሠለጠነው ግን ላቦራቶሪው አይደለም። እናቴ ናት።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ የገብስ አገር ነው። እናቴ ለማኅበር፣ ለሰንበቴና ለሠርግ ጠላ ትጠምቅ ነበር። ጋኑን በግራዋ ፈትጋ ታጥባለች። ከዚያ በወይራ ታጥነዋለች፣ ጥንጁት ካገኘችም በጥንጁት። ገብሱን ለአሻሮ ስትቆላ እኔን አጠገቧ ታስቀምጠኛለች። ሽታው መጀመሪያ የቆሎ ነው፣ ቀጥሎ የዳቦ ቅርፊት፣ ቀጥሎ ወደ ቡና ይጠጋል። እዚያ ላይ «አሁን!» ትላለች፣ ምጣዱ ይወርዳል። ትንሽ ከቆየ ያርና ጠላው ይጎመዝዛል። ጥንስሱ ሲነሳ ጎረቤት ይጠራል። አንዷ ጣቷን ነክራ ትልስና «ጌሾው ቀድሟል» ትላለች። ሌላዋ «ብቅሉ አንሷል» ትላለች። አንዲት ባልቴት ነበሩ፣ ገና አፋቸው ሳያስጠጉ አሽትተው ብቻ «ጋኑ በደንብ አልታጠነም» የሚሉ። ማንም «ጣዕም ምን ያደርጋል፣ ያው ጠላ ነው» አላለም። ለእንግዳ ሲቀዳም አሳላፊው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ከዚያ ይሰጣል።

እነዚህ ሴቶች ትምህርት ቤት አልገቡም። ምሬትንና ጣፋጭነትን ማመዛዘን፣ ጭሱን መለየት፣ ኮምጣጣነቱ የሚፈለገው ዓይነት ይሁን የመበላሸት ይሁን ማወቅ ግን ሥራቸው ነበር። ፋብሪካ ስገባ የተማርኩት ያንኑ ነው። የጌሾን ቦታ ሆፕ ይዞታል። ሆፕ ከውጭ የሚመጣ አበባ ነው፤ ለቢራ ምሬትና መዓዛ ይሰጣል፣ እንዳይበላሽም ይረዳል። ብቅሉ ያው የእኛው ገብስ ነው፣ የአርሲና የባሌ። እርሾው ብቻ ይለያል። እናቴ እርሾ አትገዛም ነበር፣ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ይመጣል። ፋብሪካ ግን አንድ የታወቀ እርሾ መርጦ፣ ሌላ እንዳይገባበት ይጠብቀዋል። ላገር የሚባለው የቢራ ዓይነት ለስለስ ያለና ንጹሕ ጣዕም የሚኖረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። እኛ አገር ከሚጠመቀው ቢራ አብዛኛው ላገር ነው። ዘሩ ወደ ቼኳ ፕልዘን ከተማ ይሄዳል፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ወርቃማ መልክ ያለው ቢራ ወደ ተጠመቀባት።

ታዲያ መቅመስ እንዴት ይለመዳል ለሚለኝ አንባቢ፣ ከወጥ ቤት ጀምር እላለሁ። ገበያ ሄዳችሁ ትንሽ ብቅል፣ ትንሽ ጥሬ ገብስ ግዙ። ጥሬውን አኝኩት፣ ዱቄት ዱቄት ይላል። ብቅሉን አኝኩት፣ ቀስ እያለ ይጣፍጣል። ቢራ ስትጠጡ የምትፈልጉት የመጀመሪያው ጣዕም ያ ነው። ከዚያ ገብስ ቁሉ፣ ግማሹን ፈካ አድርጋችሁ፣ ግማሹን ጠቆር አድርጋችሁ። ፈካ ያለው የቆሎና የዳቦ ሽታ አለው። የጠቆረው የቡና። ሐኪም ስታውት የተባለውን ጥቁር ቢራ የቀመሰ ሰው ይሄ የጠቆረው ሽታ ቢራ ውስጥ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። የጌሾ ቅጠል በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱ፣ ጥቂት ምላስ ላይ አድርጉ። ምሬት ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ ይገባችኋል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ የላቦራቶሪ አዲስ ሠራተኞችን ስናሠለጥን የምንጠቀምበት ነው። አፍንጫችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙና አንድ የኮረሪማ ፍሬ አኝኩ። ኮረሪማ መሆኑ አይታወቅም። አሁን አፍንጫችሁን ልቀቁ። መዓዛው ድንገት አፋችሁን ይሞላዋል። ጣዕም ብለን የምንጠራው ነገር አብዛኛው በአፍንጫ በኩል እንደሚመጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ከጠርሙስ አፍ ላይ ቢራ የሚጠጣ ሰው አፍንጫውን ዘግቶ የሚጠጣ ነው ብዬ የማዝነው ለዚህ ነው። ብርጭቆ ጠይቁ።

ብርጭቆውም ንጹሕ ይሁን። የቢራ አረፋ ጠላቱ ቅባት ነው። ወጥ የነካ እጅ፣ ሊፕስቲክ፣ ዘይት የያዘ ፎጣ፣ በደንብ ያልለቀለቀ ሳሙና፣ ሁሉም አረፋውን ይገድለዋል። መለያው ቀላል ነው። ቢራው ከተቀዳ በኋላ የብርጭቆውን ጎን ተመልከቱ። በጎኑ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ተለጥፈው ካያችሁ ብርጭቆው አልጸዳም። እየጠጣችሁ ስትወርዱ አረፋው እንደ ቀለበት መስመር እያስቀረ ከወረደ ግን ንጹሕ ነው። ከመቅዳታችሁ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት። መጀመሪያ ጋደል አድርጋችሁ ቅዱ፣ ሲጋመስ ቀና አድርጉት። ሁለት ጣት የሚያህል አረፋ ይኑረው። አረፋ ሲበዛ «ተጭበረበርኩ» የሚል ሰው አለ። ልኩን የያዘ አረፋ ግን መዓዛውን ወደ አፍንጫ ያደርሳል።

አሁን አሽትቱት፤ በረጅሙ ሳይሆን በአጭር በአጭሩ። ቀጥሎ አንድ ጉንጭ ወስዳችሁ ምላሳችሁ ላይ አዙሩት፣ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ፣ ዋጡት። ከዚያ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚያጣው ይሄንን መጠበቅ ነው። የጥሩ ላገር ምሬት ከዋጡት በኋላ ብቅ ይልና አፍን አጥርቶ ይሄዳል፤ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። መጥፎ ምሬት ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ባለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ ጓደኞቹን ይዞ እኔ ቤት መጣ። ሁሉም የየራሳቸው ቢራ አላቸው። «እኔ ከዚህ ሌላ አልነካም»፣ «ያኛው ራስ ምታት ነው» ይባባላሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ላይ ቀዳሁና ሦስት ሦስቱን አቀረብኩላቸው፣ ሁለቱን ከአንድ ጠርሙስ፣ አንዱን ከሌላ። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ዝም አሉ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱ ነበሩ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑም ነበሩ። የምምለው በቢራዬ ነው ሲል የነበረው ልጅ የሚጠላውን መርጦ «የኔ ይሄ ነው» አለ። አንዲት ልጅ፣ ብዙ የማትጠጣ፣ የተለየውን ወዲያው አገኘችው። «ይሄኛው መጨረሻ ላይ ትንሽ እንደ ማር ይላል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እንዲህ ያለ አፍ በየቤቱ አለ፣ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ነው። ያን ቀን ከሁሉም የገረመኝ የወረደው የቢራ ብዛት ማነሱ ነው። የሚቀምስ ሰው ይዘገያል፣ ያወራል፣ ይመለከታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደሚመለሰው ቢራ።

የመጀመሪያው ፀሐይ የመታው ነው። ብርሃን ሆፑ ውስጥ ያለውን ነገር ይለውጠውና መጥፎ ሽታ ያመጣል፣ የተቃጠለ ጎማን የሚያስታውስ። ቡናማ ጠርሙስ ይከላከልለታል፣ አረንጓዴው ብዙም አይረዳም፣ ነጩ ጭራሽ አይረዳም። ለዚህ ቀናት አያስፈልጉም፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ደቂቃዎች ሊበቁ ይችላሉ። በየመንገዱ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን ሳጥኖች ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ገበሬው፣ ብቅል ፋብሪካው፣ ጠማቂው፣ ስንት ሰው ለፍቶበት አንድ ሰው ወደ ጥላ ሳያስጠጋው ይበላሻል።

ሁለተኛው ያረጀ ነው። ቢራ እንደ ወይን ሲቆይ ይጥማል የሚሉ አሉ። ለጥቂት ጠንካራ ዓይነቶች ካልሆነ በቀር አይሠራም፣ ለእኛ ላገር በፍጹም። ያረጀ ወይም ሙቀት ላይ የከረመ ቢራ እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይላል፣ የሆፑ ሽታም ይጠፋል። ከመክፈታችሁ በፊት ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ።

ሦስተኛው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ፣ የድራፍት ነው። ድራፍት ጃምቦ ሙሉ ሲመጣ ደስ ይላል። ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው ያለው ቱቦ ግን ካልታጠበ ባክቴሪያና የዱር እርሾ ይኖርበታል። መጀመሪያ ቢራው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሲብስ ኮምጣጤ ይሆናል። ቱቦው ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ በተገቢው ማጽጃ መታጠብ አለበት። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ቤት ገባን፣ ስሙን አልጠራም። ጃምቦው ሲቀርብ ገና ከሩቅ ቅቤው ሸተተኝ። አስተናጋጁን ጠርቼ «ልጄ፣ ይሄ ቱቦው አልታጠበም፣ የጠርሙስ ቀይርልኝ» አልኩት። «ማዘር፣ ሁሉም እየጠጡት ነው እኮ» አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። እውነትም ሁሉም እየጠጡት ነው። ባለቤቱ መጣ፣ አሸተተው። ምንም አልታወቀውም። ከፍሪጅ ንጹሕ ቢራ አስመጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ሁለቱን ሲያሸት ፊቱ ተለወጠ። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ቱቦው መታጠብ እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም፣ ደንበኛም መልሶበት አያውቅም።

ሌሎችም አሉ። የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል። ቅርንፉዱ ላገር ውስጥ ከገባ ሌላ እርሾ ገብቷል ማለት ነው። ጀርመኖች ከስንዴ የሚጠምቁት ቢራ ላይ ግን ይኸው የቅርንፉድ ሽታ ከሙዝ ሽታ ጋር ሆን ተብሎ የሚፈለግ ነው። ስለዚህ ቀማሽ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ምን እንዲሆን ተጠመቀ?» ብሎ ነው።

ይሄን የምለው ለአንድ ነገር ነው። ባምበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚጠምቁት ቢራ አለ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ሰው ከሩቅ አገር ሊጠጣው ይሄዳል። ብራሰልስ አካባቢ ደግሞ የብቅሉን ፍል ጭማቂ ክፍት ገንዳ ላይ አሳድረው አየር ላይ ያለው የዱር እርሾ እንዲገባበት ያደርጋሉ። ኮምጣጣ ነው፣ ውድም ነው። የቤልጅየም የቢራ ባህል እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ጭሱም፣ የዱር እርሾውም፣ ኮምጣጣነቱም እናቴ ጋን ውስጥ ነበሩ። የእኛ ወጣቶች ግን ጠላን የድሃ መጠጥ አድርገው ሲንቁት እሰማለሁ። መቅመስ የለመደ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ጥሩ ጠላ፣ በወይራ የታጠነ፣ ጌሾው የተመጠነ፣ ከየትኛውም አገር መጠጥ ጋር ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የሚያሳፍር አይደለም።

ከዝግጅት ክፍሉ የምለምነው አለኝ። ስለ ምግብ በምትጽፉበት ገጽ ላይ ለመጠጥ ጣዕምም ቦታ ስጡ። የአንዱን ፋብሪካ ምርት እንድታሞግሱ አይደለም፣ ያንን ማስታወቂያ ነው የምንለው። አንድ ቀን ስለ ገብስ፣ አንድ ቀን ስለ ጌሾ፣ አንድ ቀን ስለ ብርጭቆ ጻፉ። ለአዋቂ አንባቢ ማለቴ ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ልክም ነው። ጠላ ጠማቂ እናቶችን ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ የሚያውቁትን ከአፋቸው ጻፉ፤ ብዙዎቹ አርጅተዋል።

የግሮሰሪና የሆቴል ባለቤቶችን የምለው ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። ሳጥኑን ወደ ጥላ አግቡ። ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይሸጥ። የቢራ ብርጭቆ ከወጥ ሳህን ጋር አንድ ላይ አይታጠብ። የድራፍቱ ቱቦ የታጠበበትን ቀን ጽፋችሁ ደንበኛ የሚያየው ቦታ ላይ ለጥፉ። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት የተለጠፈበት ቤት ካገኘሁ ጓደኞቼን ሁሉ ይዤ እመጣለሁ።

ጠማቂዎቻችን ደግሞ፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቼም አላችሁበትና፣ እጃችሁን አውቀዋለሁ። ከላገር ሌላ መጥመቅ ትችላላችሁ። በጌሾ የመረረ፣ በወይራ ጭስ የታጠነ ብቅል ያለበት ቢራ ጠምቃችሁ ብታቀምሱኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ለሙከራው ቀማሽ ካስፈለጋችሁ ረፋድ ላይ ጥሩኝ፣ ቡና ሳልጠጣ እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የቢራ ላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ